መንገደኛው ዳኛ

(ጎንደር ላይ ለሕግ ተማሪዎችና ለከተማዋ ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ፊት የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከአያቴ በሰማሁት ነገር ልጀምር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ይጣላሉ። አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል። ሌላው ባለበት ቀጥ ይላል። በአካባቢው ፖሊስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። የሚያልፈውን መንገደኛ ያስቆሙታል። በቅሎውን እየነዳ ገበያ የሚሄድ ሰው ይሆናል። «ዳኘን» ይሉታል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ሁለቱንም ይሰማል፣ ፍርድ ይሰጣል። ያልተስማማው ይግባኝ ይላል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደሚቀጥለው ዳኛ ይሄዳሉ። ነገሩ ከከበደ እዚህ ፋሲል ግቢ፣ ንጉሡ ችሎት ድረስ ይደርሳል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት «ሁለንተናዊ የዳኝነት ሥልጣን» ስለሚባለው ነገር ነው። ስሙ ያስፈራል። ነገሩ ግን ይኸው የአያቴ መንገደኛ ነው። ወንጀሉ በአገሩ አልተፈጸመም። ገዳዩም ሟቹም ዜጋው አይደሉም። ነገር ግን ወንጀሉ በጣም ከመክበዱ የተነሳ፣ የየትኛውም አገር ዳኛ «ይህ እኔንም ይመለከተኛል» ብሎ ችሎት ይቀመጣል። የዘር ማጥፋት፣ የጦር ወንጀል፣ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ ማሰቃየት እንዲህ ካሉት ውስጥ ናቸው። መነሻው የባሕር ወንበዴ ነበር። ባሕር የማንም አይደለምና የያዘው ሁሉ ይፈርድበት ነበር። በእኛ ዘመን እንኳ 100 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ሲሼልስ የሶማሊያን የባሕር ወንበዴዎች ፍርድ ቤቷ አቁማ ቀጥታለች።

ታዲያ ይህን ስሰማ እንደ ጠበቃ ደስ ይለኛል፤ እንደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሆዴ ይጠረጥራል። ትልልቆቹ አገሮች ዳኛ ሲሆኑ፣ ተከሳሹ ሁልጊዜ ከትንሹ አገር ይመጣል። ሉዓላዊነት ለእኛ ወረቀት ላይ ያለ ቃል አይደለም፤ አያቶቻችን ደም ከፍለውበታል። ስለዚህ ጥያቄው ከባድ ነው። መንገደኛውን እንቀበለው ወይስ «መንገድህን ሂድ» እንበለው?

መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን መንገደኛው ለምን ይታመን እንደነበር እንጠይቅ። ለሁለቱም ወገን ዘመድ ስላልሆነ ነው። ሌላም ምክንያት ነበረው። ዛሬ ዳኛ የሆነው መንገደኛ ነገ ራሱ «በሕግ አምላክ!» ቢባል ይቆማል። የሚፈርደው እሱም በሚቆምበት ሕግ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አሁን ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ፒያሳ ላይ ጣሊያን የሠራውን ፖስታ ቤት ታያላችሁ። በየቀኑ ስለምናልፍበት ከከተማው ጋር የተፈጠረ ይመስለናል። ይህች ከተማ የአማራ ግዛት ብለው የከለሉት አገር መቀመጫ ነበረች። እዚህ ሆኖ መጀመሪያ ያዝዝ የነበረው ጄኔራል ፒርዚዮ ቢሮሊ ነው። ጣሊያን በአገራችን የመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ኢትዮጵያ ፍርድ ጠየቀች። የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ፣ የተቃጠሉትን መንደሮች ይዛ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ሄደች። መጀመሪያ አባል እንኳ እንዳትሆን ተደረገች። ኮሚሽኑ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት እንጂ የእኛን አይመለከትም ተባለ። አልታከተችም። እ.ኤ.አ. በ1948 የ10 ሰዎች ስም አቀረበች። የጣሊያን ጦር አዛዦቹ ባዶሊዮና ግራዚያኒ፣ የእኛው ፒርዚዮ ቢሮሊም አሉበት። ኮሚሽኑ በ8ቱ ላይ ለክስ የሚበቃ ነገር አለ ብሎ ተቀበለ። ከዚያስ? አንዳቸውም ኢትዮጵያ ላይ በሠሩት ወንጀል ችሎት አልቆሙም። እንግሊዝ ባዶሊዮ እንዲነካ አልፈለገችም። ግራዚያኒን ጣሊያን ራሷ ከሰሰችው፤ ነገር ግን ከጀርመን ጋር አብረሃል ብላ እንጂ አዲስ አበባ ላይ ለፈሰሰው ደም አይደለም። 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ተፈታ። አልጋው ላይ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት።

ይህን የምነግራችሁ ቂም ለማጫር አይደለም። የትንሽ አገር ጥርጣሬ ከየት እንደሚመጣ እንድታውቁት ነው። እኛ «በሕግ አምላክ!» ብለን ጮኸን ነበር። የቆመልን መንገደኛ አልነበረም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ1993 ሰፊ ሕግ አወጣች። ወንጀሉ የትም ይፈጸም፣ ማንም ይፈጽመው፣ ዳኞቿ እንዲያዩት ፈቀደች። በ2000 አንድ የብራሰልስ መርማሪ ዳኛ በኮንጎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በአብዱላዬ የሮዲያ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። ክሱ ቀላል አልነበረም፤ በቱትሲዎች ላይ ጥላቻ ቀስቅሷል የሚል ነው። ግን ከሳሹ ማን እንደሆነ አስቡ። ኮንጎን በቅኝ የገዛች፣ በሊዮፖልድ ዘመን የጎማ ኮታ ያላሟላ ሰው እጁ የተቆረጠባት አገር ባለቤት ናት። ኮንጎ ዘ ሄግ ወዳለው የዓለም ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2002 እ.ኤ.አ. ለኮንጎ ፈረደ። በሥራ ላይ ያለ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሌላ አገር ፍርድ ቤት ፊት ያለመከሰስ መብት አለው፣ ማዘዣው ይሰረዝ አለ።

የሩዋንዳውም እንዲሁ ነው። አንድ የፈረንሳይ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ፈረንሳውያን አብራሪዎች የሞቱበትን የሩዋንዳ ፕሬዚዳንት አውሮፕላን መትተዋል በሚል፣ በሩዋንዳ ባለሥልጣናት ላይ ማዘዣ አወጣ። በ2008 የፕሮቶኮል ሹሟ ሮዝ ካቡዬ ፍራንክፈርት ላይ ተያዙ። ኪጋሊ ተቆጣች። ፈረንሳይ በዚያ የዘር ፍጅት ዘመን ከገዳዩ መንግሥት ጎን የነበረች አገር ናት። ከዓመታት በኋላ የራሷ መንግሥት ያቋቋመው የታሪክ አጥኚዎች ቡድን «ከባድ ኃላፊነት» እንዳለባት ጽፏል። ክሱም በመጨረሻ ተዘጋ። ያኔ በ2008 የአፍሪካ ኅብረት ይህ ሥልጣን አላግባብ እየዋለብን ነው ብሎ ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ ብዙ ሰው «አምባገነኖች ለራሳቸው ሲሉ ነው» ብሎ አጣጣለው። ከፊሉ እውነት ነው። ግን ሁሉም አይደለም። የዘመድ ዳኛ ዳኛ አይባልም። ቤልጂየም በኮንጎ ጉዳይ፣ ፈረንሳይ በሩዋንዳ ጉዳይ መንገደኛ አልነበሩም። የነገሩ ዘመዶች ነበሩ።

ሌላኛውንም መስፈርት አስታውሱ፤ ዳኛው ራሱ ይቆማል ወይ ያልነውን። ብራሰልስ ውስጥ በአሜሪካ ባለሥልጣናት ላይ አቤቱታ መቅረብ ሲጀምር፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ራምስፌልድ ሰኔ 2003 እ.ኤ.አ. እዚያው ብራሰልስ ተገኝቶ፣ እንዲህ ከሆነ ለኔቶ አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት ገንዘብ አንከፍልም አለ። ሕጉ በሁለት ወር ውስጥ ተሻረ። ስፔንም እንደዚያው ናት። የቺሊውን አምባገነን ፒኖቼን ለንደን ላይ ያስያዘ ዳኛ የነበራት አገር፣ ፍርድ ቤቷ በቲቤት ጉዳይ የቻይናውን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጂያንግ ዜሚን እንዲያዝ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ፓርላማዋ በ2014 በሩን አጠበበ። ለኮንጎ ክፍት የነበረ በር ለዋሽንግተንና ለቤጂንግ ተዘጋ። ይህ ያንገበግበኛል። ሊያንገበግባችሁም ይገባል።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ይቅርብን፣ ሁሉም በአገሩ ይዳኝ» ልትሉ ነው። እኔም ወጣት ጠበቃ ሳለሁ እንደዚያ እል ነበር።

አሁን ግን ፊት የተቀመጡትን እናቶች እያየሁ ይህን ማለት አልችልም። እናንተ ተማሪዎች ከእናቶቻችሁ የሰማችሁት አንድ ግጥም አለ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የጎንደር እናቶች ያለቀሱት።

መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።

ሁለት መስመር ብቻ ነው። ግን የሕግ መጽሐፍ ያህል ይናገራል። እናቲቱ የምትለምነው ማንን ነው? ዳኛን አይደለም፤ የክፍለ ሀገሩን የደርግ ሹም ነው። ዳኛ የለም። ከእሱ በላይ ይግባኝ የሚባልበት ሰው የለም። ስለዚህ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ አስቀመጠችው። ወልጄ አላስቸግርህም ብላ ማህፀኗን መያዣ ሰጠችው። ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ሉዓላዊ አገር ነበረች። ማንም የውጭ ዳኛ በራችንን አላንኳኳም። ያ ሉዓላዊነት የማን ነበር? የእናቲቱ አልነበረም።

ደርግ ወደቀ። እዚህ ላይ አገራችን ያደረገችውን ሳናከብር አንለፍ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ አቋቋመች። ከ5 ሺህ በላይ ሰው ከሰሰች። የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ ፍርዱ ታኅሣሥ 1999 ወጣ። 12 ዓመት! መዘግየቱ ያሳዝናል፤ ብዙ እናት ፍርዱን ሳትሰማ አለፈች። ቢሆንም ያስቻልነው በራሳችን ዳኞች፣ በራሳችን ሕግ፣ በራሳችን ቋንቋ ነው። የዘር ማጥፋት ስምምነትን ከዓለም ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1949። የገዛ ሹሞቹን በራሱ ችሎት ያቆመ አገር ብዙ አይደለም።

ዋናው ተከሳሽ ግን ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ነው። በሌለበት ተፈረደበት፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። ዚምባብዌ አልሰጥም አለች፤ እንግዳችን ነው አለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕክምና ጆሃንስበርግ ሄዶ ነበር። አፓርታይድን የጣለች አገር ነበረችና ብዙዎቻችን ተስፋ አደረግን። አልያዘችውም። ታክሞ ተመለሰ።

የጎንደር ሰው ይህን ሲሰማ እጨጌ ቤት ትዝ ይለዋል። ከጥንት መማፀኛ ነበር። ጌታ የተቆጣበት፣ ደመኛ የሚያሳድደው ሰው ሮጦ እዚያ ከገባ አይነካም። መልካም ሥርዓት ነው፤ ደካማውን ከበቀል ያድን ነበር። ግን የሐራሬው መጠለያ ሌላ ነው። ሕዝብን ያሳደደ ሰው ከሕዝቡ ፍርድ የሚሸሸግበት ነው። ይህን ሁለቱን ማምታታት ትልቅ ስህተት ነው። «የአፍሪካ ወንድማማችነት» እየተባለ ብዙ ጊዜ ይምታታል።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም። ታኅሣሥ 2010 ላይ ነው። ዘ ሄግ ያለ የሆላንድ ፍርድ ቤት እሸቱ ዓለሙ በተባለ የቀድሞ የደርግ ሹም ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ። ሰውየው ሆላንድ ገብቶ ዜግነት አግኝቶ ይኖር ነበር። ወንጀሉ ጎጃም ውስጥ በ1970 የተፈጸመ ነው። ከተፈረደባቸው ነገሮች አንዱ ደብረ ማርቆስ ላይ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገደሉ 75 ወጣት እስረኞች ጉዳይ ነው። ዜናውን ሰምቼ ወደ እኚህ እናት ቤት ሄድኩ። ወንድማቸው በዚያው ዘመን እዚህ ጎንደር ተገድሏል።

ቡና እየቆሉ ነበር። ነገርኳቸው። ምጣዱን ከእሳቱ አወረዱ።

«ምስክሮቹን አስቀምጠው ሰሟቸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ከሩቅ አገር ድረስ አምጥተው ሰሟቸው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ተነሥተው የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ውስጡ የወንድማቸው የተማሪ ቤት መታወቂያ አለ። ፎቶው ላይ ፀጉሩን አፍሮ አድርጓል። 17 ዓመቱ ነበር።

ስለ ሉዓላዊነት የነበረኝን ሐሳብ የቀየረው መጽሐፍ አይደለም፣ ያ ቆርቆሮ ነው። የሆላንድ ዳኛ ገብቶ አገራችንን አላዋረደም። ያዋረደን፣ 40 ዓመት ሙሉ ያን ቆርቆሮ የሚከፍት አለመገኘቱ ነው።

ግን ከሆላንድ የተሻለ መንገድም አለ። ሂሴን ሃብሬ ቻድን እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1990 ገዝቶ፣ ሲገለበጥ ሴኔጋል ገባ። ሱለይማን ጌንጌንግ የሚባል ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በሃብሬ ዘመን ያለ ጥፋቱ ታስሮ፣ እስር ቤት ውስጥ ሰዎች ሲሞቱ አይቶ፣ በሕይወት ከወጣሁ እውነቱን አወጣለሁ ብሎ ማለ። ወጣ። ሌሎች ተጎጂዎችን ቤት ለቤት እየዞረ 792 የምስክርነት ቃል ሰበሰበ። ቤቱ ውስጥ ደብቆ ለዓመታት አቆየው። በኋላ ዣክሊን ሙደይና የተባሉ የቻድ ጠበቃና ሌሎች ተረከቡት። ሴኔጋል አመነታች። ቤልጂየም እኔ ልዳኘው፣ ስጡኝ አለች። የዓለም ፍርድ ቤት በ2012 ሴኔጋልን «ወይ ራስሽ ዳኚው፣ ወይ አሳልፈሽ ስጪው» ብሎ ፈረደባት። ከዚያ ሴኔጋልና የአፍሪካ ኅብረት ተስማምተው ዳካር ላይ ልዩ ችሎት ተቋቋመ። ግንቦት 30 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. አፍሪካውያን ዳኞች ሃብሬ ላይ ዕድሜ ልክ ፈረዱ። እስረኛ ሆኖ በ2021 ሞተ።

ይህን ልብ በሉ። የቤልጂየም ግፊት ባይኖር ዳካር አትንቀሳቀስም ነበር። የዳካር ችሎት ባይቋቋም ደግሞ ነገሩ እንደገና ነጭ ዳኛ ጥቁር ተከሳሽ ሆኖ ይቀር ነበር። መንገደኛው መጥቶ ሲቆም ነው ባለቤቱ ቤቱን የከፈተው። ለእኔ የትንሽ አገር ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው። የውጭውን ዳኛ «አትድረስብኝ» ማለት ቀጥሎ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ የራስን ችሎት ከፍቶ «እኔ እያየሁት ነው» ማለት ያስፈልጋል። ያን የሚል አገር ላይ ማንም መንገደኛ ዳኛ አያስፈልግም። ትልልቆቹንም «እናንተስ ትቆማላችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ የሚኖረው ያ አገር ነው።

ስለ እኛ ሕግ አጭር ነገር ልበልና ልጨርስ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 17 ለኢትዮጵያ ዳኞችም ይህን ሥልጣን ይሰጣል። በዓለም አቀፍ ሕግ ላይ ወንጀል የፈጸመ ሰው፣ ወንጀሉ ውጭ አገር ቢፈጸምም፣ እዚህ ሊዳኝ ይችላል። እኛም መንገደኛ መሆን እንችላለን ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ፣ ምሕረትም እንደማይደረግለት ይደነግጋል። ነገር ግን የወንጀል ሕጉ ይህን ወንጀል ራሱን የቻለ አንቀጽ አድርጎ አላስቀመጠውም። ትልቅ ቀዳዳ ነው። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ይህን መድፈን ይኖርበታል። የዛሬው ቁስላችንም ብዙ ነው፤ እዚህ ከተቀመጠው ሰው ያልተነካ የለም። የራሳችንን ችሎት ካልከፈትን ሌላው ይከፍትልናል፤ ወይ ማንም አይከፍትልንም። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

ለችሎቱ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ዳኛ ከሰማይ አይፈርድም። ለዚህ ነው ተማሪዎችን በተለይ የጠራሁት። አያቶቻችሁ ጋ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። የሰማችሁትን ጻፉ፤ ስም፣ ቀን፣ ቦታ። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል።

እኔ ባለፈው ወር እዚያች እናት ቤት ደብተር ይዤ ሄድኩ። 84 ዓመታቸው ነው። ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን። ማን እንደመጣ፣ ምን ዓይነት መኪና እንደነበር፣ ወንድማቸው ምን ለብሶ እንደወጣ፣ አስከሬኑን ለማግኘት የጥይት ዋጋ ክፈሉ እንደተባሉ፣ ሁሉንም ነገሩኝ። ስጨርስ «አንብብልኝ» አሉ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝ። «ማክሰኞ አይደለም፣ ረቡዕ ነው። የጾም ቀን ስለነበር ምሳውን ሽሮ ነበር የሠራሁለት» አሉ። ሰርዤ ረቡዕ ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብለው ከታች ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ።